በእኛ መዝገብ «ተገኝቷል»፣ በትምህርት ቤቱ መዝገብ «ቀሪ»

(በ2018 ዓ.ም. በቅሬያችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት በዚሁ ጉባኤ የሒሳብ ሪፖርት አንብበን ስንቀመጥ አንድ አባት ተነሥተው፣ «ገንዘቡ መልካም ነው፤ ልጆቻችን ግን በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እንደ ቅጠል ይረግፋሉ። ስለዚህ ነገር ቅሬው የሚለው የለውም ወይ?» ብለው ጠይቀው ነበር። በዕለቱ መልስ አልነበረንም። ጉዳዩ የትምህርት ጽሕፈት ቤት እንጂ የቅሬ አይደለም ብለን አለፍነው። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ከነከነን። ዕድሜያችንን የፈጀነው መዝገብ ስናገላብጥ ነውና በምናውቀው መንገድ ሄደን መዝገብ አየን። ያየነውን ዛሬ እንነግራችኋለን። እኛ ራሳችን ከስድስተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለንም፤ ስለዚህ መምህራንን ልናስተምር አልቆምንም።

አስቀድመን በአገር ደረጃ የተነገረውን ቁጥር እንይ። የ2014 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ከዚያ በፊት ልጆች በየትምህርት ቤታቸው ነበር የሚፈተኑት፤ ኩረጃውም፣ የፈተና መውጣቱም የታወቀ ነበር። በ2008 ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ እስከ መሰረዝ መድረሱን የማያስታውስ የለም። እንግዲህ ልጆቹ ተሰብስበው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ፣ ከተፈተኑት 896,520 ውስጥ ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ሆኑ። ከመቶ 3.3 ማለት ነው። በ2015ም ከ845,099 ተፈታኞች 27,267 አለፉ። በዚያ ዓመት አንድም ልጅ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። በ2016 ያለፉት 36,409 ደረሱ፣ ከመቶ 5.4። የ2017ቱ ውጤት በመስከረም 2018 ሲነገር ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አለፉ፤ ከመቶ 8.4 ነው። ግማሹን ካላመጡት መካከል የተሻሉት የማካካሻ ትምህርት፣ ሪሚዲያል የሚባለውን፣ እየተማሩ እንደገና ይፈተናሉ። ሌላው ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ውጤቱ ተሻሽሏል ቢባል ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ጸሐፊ የሆነ ሰው ድምሩን ብቻ ሳይሆን ከላይ ያለውንም ረድፍ ያያል። በሦስት ዓመት ውስጥ ለፈተና የተቀመጡት ልጆች ቁጥር ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ቀንሷል። ከመቶ ይህን ያህል አለፈ የሚባለው ወንበር ላይ ከተቀመጠው ተቆጥሮ ነው። ከስምንተኛ ወይም ከዘጠነኛ ክፍል ወጥቶ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ የሄደው የመርሳና የሐብሩ ልጅ በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። አልወደቀም፤ አላለፈምም። ስሙ ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ በደላላው ደብተር ገብቷል። በሐምሌ 2017 መጨረሻ በየመን አብያን ጠረፍ ጀልባ ሰጥሞ ከ60 የሚበልጡ ወገኖቻችን ሲያልቁ በየሰፈሩ የነበረውን ጭንቀት ታውቃላችሁ። ሬሳ የሌለበት ለቅሶ መቀመጥ ምን እንደሆነ ለቅሬ ሰው አይነገርም።

ልጁ ለምን ይወድቃል? አንዱ መምህሩን ይከሳል፣ ሌላው ስልኩን ይከሳል። ስልኩን እንኳ የገዛንላቸው እኛው ነን። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናውም እንዲሁ። ልጁ ግን ብዙ ጊዜ የሚደናቀፈው ገና በገዛ ቋንቋው ነው። በ2002 በአገራችን በልዩ ልዩ ቋንቋዎች የተደረገ የንባብ ፈተና ነበር። በዚያ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ከሦስት አንዱ ያህል ከቀረበለት አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም። ያን ጊዜ ሁለተኛ ክፍል የነበረ ልጅ፣ ሳይደግም ከዘለቀ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰው በ2012 ነው። ቤቱ ከመሠረቱ ያዘመመ እንደሆነ ጣራው ሲወድቅ ባይገርመንም ይገባ ነበር።

የእኛ አካባቢ ልጅ ደግሞ የተለየ ሸክም አለበት። በ2017 የተፈተነውን ልጅ ወደ ኋላ እንከተለው። ሰባተኛ ክፍል ሳለ፣ በመጋቢት 2012፣ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ስምንተኛን እንደ ነገሩ ተማረ። ዘጠነኛ ሊገባ ሲል፣ በነሐሴ 2013፣ ወልድያ በጦርነቱ ተያዘች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ምን እንደነበርን እናንተም እኛም እናውቃለን። ከተማው ሲለቀቅ ትምህርት ቤቶቹ ተዘርፈው ነበር፤ ዩኒቨርሲቲያችንም ሳይቀር። በነሐሴ 2014 ጦርነቱ በቆቦ በኩል እንደገና ሲነሣ ብዙው ሰው ልጁን አንጠልጥሎ ወደ ደሴ ሸሸ። ይኸው ልጅ አሥራ አንደኛ ሊገባ ሲል በ2015 መጨረሻ በክልላችን ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ፤ በገጠሩም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። እንግዲህ ይህን ልጅ አዲስ አበባ ከተማረው ልጅ ጋር በአንድ ፈተና አስቀምጦ «ሰነፍ» ማለት ፍርድ አይደለም።

ጦርነቱንና ወረርሽኙን ቅሬ አያቆመውም። ወደ እኛው መዝገብ እንምጣ።

ባለፈው ዓመት የቅሬያችን ልጆች ከሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ወደ አንዱ ሄደን፣ በወላጁ ፈቃድ የአንድ ዘጠነኛ ክፍል ልጅ መቅረት እንዲታይልን የክፍሉን ኃላፊ መምህር ለመንን። መምህሩ በደስታ አሳዩን። ልጁ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት 19 ቀን ቀርቷል። በየቀኑ አንጻር «ቀ» ተጽፎበታል። እኛም የቅሬውን የስም መጥሪያ መዝገብ ይዘን ሄደን ነበርና ቀኖቹን ጎን ለጎን አመሳከርን። ከ19ኙ ቀን ስድስቱ በእኛ መዝገብ አሉ። ሦስት ጊዜ ለቀብር፣ ሁለት ጊዜ ድንኳን ለመትከልና ለመንቀል፣ አንድ ጊዜ ለጉድጓድ ቁፋሮ። በእነዚያ ስድስት ቀኖች ከአባቱ ስም ትይዩ «ተገኝቷል» ይላል። የእጅ ጽሕፈቱ የእኛ ነው። መምህሩ «ቀሪ» ብለው የጻፉትን ልጅ በዚያው ሰዓት እኛ «ተገኝቷል» ብለን ጽፈናል። ወረቀቱን ይዘን ጥቂት ዝም ብለን ቆየን።

ከቀሩት ቀኖች አምስቱ ሐብሩ ካሉ ዘመዶቹ ዘንድ ማሽላ አጨዳ የሄደባቸው ናቸው። አራቱ የገበያ ቀን ናቸው፤ እናቱን ሊያግዝ ነው። ሁለቱን ታሞ ነበር። የሁለቱን ልጁም አላስታወሰ፤ ወይም ሊነግረን አልፈለገም።

የልጁ አባት ክፉ ሰው አይደሉም። ቀን ሠራተኛ ናቸው፤ ቀብር ቢሄዱ የዕለት ጉርሳቸው ይቀራል፣ ባይሄዱ ቅሬው ይቀጣቸዋል። ስለዚህ ልጁን ይልካሉ። ደንባችን ደግሞ ከቤቱ አንድ ወንድ መገኘቱን እንጂ ዕድሜውን አይጠይቅም። በሌላ አነጋገር መቀጮውን ልጁ በትምህርቱ ይከፍልላቸዋል።

የሴቶቹ ልጆች ነገር ከዚህም የባሰ ነው፤ ምክንያቱም በመዝገብ እንኳ የሉም። ለቅሶ ቤት ውኃ የሚቀዱት፣ ቡና የሚያፈሉት፣ ንፍሮ የሚቀቅሉት የጎረቤት ልጆች ናቸው። ሦስት ቀን ሙሉ። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ ጠይቀን ነበር። «እናቴ ከምታፍር እኔ ብቀር ይሻላል ብዬ ነው» አለችን። ለእርስዋ ዓምድ የለንም፤ ከርስማችንም አያውቃትም፤ መምህሯ ብቻ «ቀሪ» ይሏታል።

ስድስት ቀን ምን ያመጣል የሚል ይኖራል። እኛም ይህንኑ ብለን ነበር። ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ የአባላችን ልጅ ግን በአሜሪካን አገር በቺካጎ ከተማ የተደረገውን ጥናት አንብቦ ተረጎመልን። የዚያ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. ገደማ ባወጡት ጥናት፣ አንድ ልጅ ሁለተኛ ደረጃን መጨረስ አለመጨረሱን ከቀድሞ የፈተና ውጤቱ ይልቅ በዘጠነኛ ክፍል ስንት ቀን እንደ ቀረ የተሻለ ይናገራል ብለዋል። በአንድ መንፈቀ ዓመት አንድ ሳምንት የቀረ ልጅ እንኳ የመመረቅ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤቶቹ የዘጠነኛ ክፍል ልጆችን መቅረት በየጊዜው መከታተል ያዙ፤ ቀድሞ ከግማሽ እምብዛም የማይበልጠው የተመራቂ ቁጥር ከመቶ 80 በላይ ደረሰ። ሌላም ምክንያት ይኖረው ይሆናል። ቺካጎ ቺካጎ ነው፣ ወልድያም ወልድያ። የቀረ ልጅ ግን የትም አገር ያው ያመለጠውን አያገኘውም። የሒሳብ ትምህርት እንደ መሰላል ነው፤ አንዱ ርብራብ ከጎደለ የላይኛው አይደረስበትም።

ይህን ነገር ለዳኛችንና ለጥቂት ሽማግሎች ስናካፍል አንድ የተከበሩ አባት ተቆጡ። «ታዲያ ሬሳውን ማን ይሸከም? ልጅ ቀብር ካላየ ሰው መቅበርን ከየት ይማራል?» አሉ። አባባላቸውን አንንቅም። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ በሚቀባበርበት አገር ያደግን ነን፤ ይህን ደግሞ ልጆቻችን ከመጽሐፍ አያገኙትም። የእስላሙ ቀብር ትምህርት እስኪለቀቅ አይጠብቅም፤ የክርስቲያኑም ቢሆን ሰዓት አለው። ነገር ግን ቅዳሜና እሑድ አለ፣ ክረምት አለ፣ ከትምህርት መልስም ማስተዛዘን አለ። በትምህርት ሰዓት ያለውን ብቻ ነው እኛ የምንለው።

ስለዚህ በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ ማሻሻያ እንዲደረግ ረቂቅ አዘጋጅተናል። በትምህርት ቀንና ሰዓት ተማሪ ቤተሰቡን ወክሎ ስም እንዳያስጠራ፣ ቢመጣም እንዳይጻፍለት። በቀን ሥራ የሚተዳደር አባል አሠሪው ካልለቀቀው ያለ መቀጮ በማታ ለቅሶ ደርሶ እንዲመዘገብ። ለድንኳኑ በየወሩ ተረኛ የሚሆኑ ስምንት ጎልማሶች እንዲመረጡ። ለቅሶ ቤት የውኃውንና የቡናውን ነገር የሴቶች ተወካዮቻችን በሚያወጡት ተራ ትልልቆቹ እንዲይዙት። በተጨማሪም ዕቃ ቤታችን መብራት አለው፤ ወንበሩም በብዙ ቀን ያለ ሥራ ተደርድሮ ይውላል። ማታ ማታ ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ለተማሪዎች ቢከፈት ወጪው የመብራት ብቻ ነው። ቁልፉን ይዘን ለመቀመጥ እኛ ፈቃደኞች ነን፤ ጡረተኛ ሌላ ምን ሥራ አለው?

አንድ ጥፋትም እንናዘዛለን። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በማክሰኞ ቀን ቀብር ላይ፣ ያ በመዝገብ ያየነው ልጅ ደብተሩን እንደ ያዘ ሰልፍ ገብቶ የአባቱ ስም እስኪጠራ ይጠብቅ ነበር። አሁን አሥረኛ ክፍል ነው። ስሙን አልጻፍንለትም። «ሂድ፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሳይጀመር ትደርሳለህ» ብለን ሰደድነው። ደንቡ ሳይለወጥ እንዲህ ማድረግ አይገባንም ነበር፤ በአባቱ ላይ የመጣውንም መቀጮ ከኪሳችን ከፍለን ደረሰኙ ከከርስማችን ጋር ተያይዟል። አባትየው ግን በዚያው ማታ ቤታችን ድረስ መጥተው፣ «በሰው ፊት ስሜን ቀሪ አስባልከኝ» ብለው በጣም አዝነውብናል። እኛም ተገቢ መልስ አልሰጠናቸውም።

እኚህ ወንድማችን ዛሬ በመካከላችን ተቀምጠዋል። የልጃቸውን መዝገብ እንድናይ የፈቀዱልንም፣ ይህን በጉባኤ እንድንናገር የፈቀዱልንም እርሳቸው ናቸው፤ ብቻ «እኔም የምለው አለኝ» ብለዋል። አሁን እጃቸውን አውጥተዋልና፣ ረቂቁ ለድምፅ ከመቅረቡ በፊት ቦታውን ለእርሳቸው እንለቃለን።