«በቃ» የሚለው ማን ነው?



በብሪታንያ ምዕራብ፣ በዌልስ፣ ፔን አ ቫን የሚባል ተራራ አለ። ከፍታው 886 ሜትር ነው፤ ለአዲስ አበባ ተማሪ ቆላ ነውና ያስቃል። ነገር ግን ኤስ ኤ ኤስ የሚባለው ልዩ ጦር እጩዎቹን የሚፈትነው እዚያ ነው። እጩው ሸክሙን አዝሎ ጫፉ ድረስ ይወጣል፤ በማዶ ይወርዳል፤ ዞሮም ያንኑ ተራራ እንደ ገና ይወጣል። መንገዱ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዛሬ ሲቪሎችም ገንዘብ ከፍለው ይሄዱታል።

በጁላይ 2013 እ.ኤ.አ. በዚሁ አካባቢ በተደረገ ፈተና ሦስት ተጠባባቂ ወታደሮች በሙቀት ተጎድተው ሞቱ። ሸክማቸው 22 ኪሎ ያህል ነበር። ደካሞች ነበሩን? አልነበሩም። የሚሠራ ጡንቻ ሙቀት ያመነጫል፤ ላብ ማብረድ ሲያቅተው ሰውነት ይግላል፤ አእምሮም ይደነዝዛል። እንግዲህ «በቃኝ» ማለት የሚገባው ሰው በዚያች ሰዓት ፍርዱን አጥቷል። ጉዳዩን የመረመሩት ዳኛም በ2015 እ.ኤ.አ. ቸልተኝነት ለሞታቸው አስተዋጽኦ እንዳደረገ አስታወቁ።

እንዲህ ያለውን ጉዞ እኛም እናድርግ የሚሉ ጓደኞች አሉ። እኔም እሄዳለሁ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ሲደክማቸው ሸክሙን ድንጋይ ላይ ያሳርፋሉ፤ ማንም ፈሪ አላላቸውም። እኛን ግን ሰዓትና የጓደኛ ዓይን ይነዱናል። ስለዚህ የማስቆም ሥልጣን ሸክም ላልያዘ ሰው ይሰጥ፤ ቃሉም ይግባኝ አይኑረው። ስማችንን ከመመዝገባችን በፊት ይህ በደንቡ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ።