ለታመመች ጫጩት መጀመሪያ ሙቀት

ስለ ዶሮ ሲወራ ወሬው ቶሎ ወደ ወጡ ወይም ወደ እንቁላል ዋጋ ይሄዳል። እኔ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን ገና ላባ ስላላበቀለችው፣ በአንድ መዳፍ ስለምትያዘው ጫጩት ነው። በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫጩት ገዝታችሁ ካርቶኑን እቤት ላስገባችሁ፣ ወይም ለማስገባት እያሰባችሁ ላላችሁ።

ከመፈልፈያ የወጣች የአንድ ቀን ጫጩት 40 ግራም ገደማ ትመዝናለች። የሀበሻ ዶሮ ጫጩት ከዚያም ታንሳለች። የትልቅ ዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ብርድ ቢመጣ ላባዋን ነፋ አድርጋ ትችለዋለች። ጫጩቷ የለበሰችው ግን ስስ ለስላሳ ጸጉር ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የራሷን ሙቀት በወጉ መጠበቅ አትችልም። ሙቀት ከውጭ ማግኘት አለባት።

እናት ዶሮን ልብ ብሎ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጫጩቶቿ ወጥተው ይጭራሉ፣ ትንሽ ይለቅማሉ፣ ብርዱ ሲሰማቸው ሮጠው ክንፏ ሥር ይገባሉ፤ ሞቅ ሲላቸው እንደገና ይወጣሉ። እሷ ጥሬ ስታገኝ ትጠራቸዋለች፣ ጭልፊት ስታይ ድምፅዋን ቀይራ ታስጠነቅቃቸዋለች። እንዲህም ሆኖ በገጠር ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ብዙዎቹ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ያልቃሉ። በማሽን የተፈለፈለ ጫጩት የገዛ ሰው የሚተካው ይህችን እናት ነው። ሥራው ቀላል ነው የሚላችሁ ካለ አትመኑት።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚታየው ሲመሽ ነው። ከጫጩቶቹ አንዷ ተነጥላ ቆማለች። ዓይኗን ጨፍናለች፣ ክንፏ ወርዷል፣ ሌሎቹ ሲሯሯጡ እሷ ንቅንቅ አትልም። ወይም ደግሞ ከፍ ባለ ድምፅ ያለማቋረጥ ትጮኻለች፤ የተመቻት ጫጩት ድምፅዋ ዝግ ያለና ለስላሳ ነውና ልዩነቱን ጆሯችሁ ቶሎ ይለምደዋል። በዚህ ጊዜ አንዱ ጀማሪ መንቆሯን ከፍቶ ምግብ ያጎርሳታል። ሌላው መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል። ሁለቱም አዝነውላት ነው። ሁለቱም ግን ቀዳሚውን ነገር ዘለውታል።

ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይባላል። የበረዳት ጫጩት ግን ጥሬ አያምራትም። ገላዋ ሲቀዘቅዝ አንጀቷ ሥራውን ያቆማል፤ በግድ ያጎረሷት ምግብ ከአንገቷ ግርጌ ባለችው የምግብ ከረጢት ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አደራ ያዙልኝ፤ መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ውሃ፣ ከዚያ መኖ።

ጫጩቷን አንሱና እግሯን ጉንጫችሁ ላይ አስነኩት። የዶሮ እርባታ ባለሙያዎችም እንዲህ ነው የሚያደርጉት። እግሯ ከቀዘቀዘ በርዷታል ማለት ነው። በሁለት እጃችሁ ዕቀፏት፣ ጋቢ ውስጥ አስገቧት፣ ወይም ካርቶኑን በሚያሞቀው መብራት ሥር በደረቀ ጨርቅ ላይ አስቀምጧት። ነቃ ብላ ራሷን ቀና ስታደርግ ለብ ያለ ውሃ ስጧት። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ቢሟሟ ለመጀመሪያው ቀን አቅም ይሆናታል። ስትሰጧት ግን ውሃውን ጉሮሮዋ ውስጥ አትርጩ። የመተንፈሻዋ ቀዳዳ ከምላሷ ኋላ ነው ያለው፤ ውሃ በዚያ ከገባ ታንቃ ትሞታለች። መንቆሯን ውሃው ላይ ነካ አድርጉላት፣ ወይም ጠብታ በመንቆሯ ጎን አኑሩላት፤ ራሷ ትውጠዋለች። ምግብ ገና አልበላችም ብላችሁ አትደንግጡ። ስትፈለፈል የእንቁላሉን አስኳል ሆዷ ውስጥ ይዛ ነው የምትወጣው፤ ያ ስንቅ ሁለት፣ ሦስት ቀን ያቆያታል። ስትጠነክር የጫጩት መኖ በጠፍጣፋ ነገር ላይ በትኑላት። መኖው ለጊዜው ካልተገኘ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ፈርፍራችሁ ስጧት።

አሁን ስለ ሙቀቱ ራሱ ትንሽ ልቆይ፤ የጫጩቶቹን ዕድል ከሁሉ በላይ የሚወስነው እሱ ነውና። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩቶቹ ባሉበት ከፍታ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ያስፈልጋቸዋል። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሳችሁ ትሄዳላችሁ፤ አምስተኛው፣ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ላባቸው ይሞላል። ቴርሞሜትር ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁ ጫጩቶቹን እዩ። መብራቱ ሥር ተደራርበው ከተከመሩ በርዷቸዋል። ከመብራቱ ሸሽተው ዳር ዳር ይዘው አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ ከሆነ ሙቀቱ በዝቷል። ሁሉም ወደ አንድ ጥግ ከሄዱ በሌላው በኩል ንፋስ እየገባ ነው። እዚህም እዚያም ተበትነው የሚበላው ከበላ፣ የሚተኛው ከተኛ ተመችቷቸዋል። መብራቱን በካርቶኑ በአንድ ወገን ብቻ ስቀሉት፤ ጫጩቷ ሙቀት ሲበዛባት የምትሸሽበት ቦታ ይኑራት።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ኃይል ቆጣቢው አምፖል ብርሃን እንጂ ይህ ነው የሚባል ሙቀት አይሰጥም። ጫጩቶቹ በደማቅ ብርሃን ውስጥ ሆነው በብርድ ያልቃሉ። የሚያስፈልገው ሲነኩት የሚያቃጥለው የድሮው ባለ 60 ወይም ባለ 100 ዋት አምፖል፣ ወይም ለዚሁ ሥራ የተሠራው ኢንፍራሬድ ነው። መብራት ቢጠፋስ? ይጠፋልና ቀድማችሁ አስቡበት። በጀሪካን ትኩስ ውሃ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከጫጩቶቹ መካከል አስቀምጡ፤ ሲቀዘቅዝ ቀይሩት። ከሰል አንድዶ በር መዝጋት ግን ጫጩቱንም ሰውንም የሚገድል ነገር ነው፤ ለአንድ ሌሊትም ቢሆን አታድርጉት።

መብራት ለሌለበት አካባቢ ደግሞ በጅማ የግብርና ኮሌጅ ተሞክሮ የተስፋፋው የጭድ ሳጥን አለ። ሳጥን ይሠራል፣ ዙሪያውና ላዩ በጭድ ይጠቀጠቃል፣ መሐሉ ለጫጩቶቹ ባዶ ይተዋል፣ አየር የሚገባበትም ቀዳዳ ይኖረዋል። ጭዱ የገላቸውን ሙቀት አፍኖ ይይዝላቸዋል። ቀን ወጥተው ይበላሉ፣ ሲበርዳቸው ይገባሉ። እናት ዶሮ የምታደርገውን በጭድና በጣውላ የሚያደርግ፣ ነዳጅም ኤሌክትሪክም የማይጠይቅ ሥራ ነው። እኔ ስለ ዶሮ እርባታ ከሰማኋቸው ነገሮች ሁሉ በላይ ይህን አከብረዋለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት በብዛት የሚያጋጥመው ሌላው ነገር የኩስ መድረቅ ነው። ኩሱ ከጸጉሯ ጋር ተጣብቆ ይደርቅና መውጫውን ይደፍነዋል። ካልተከፈተላት ትሞታለች። ከመንገድ የመጣ ድካም፣ ብርድ ወይም የበዛ ሙቀት ያመጣዋል። እንደ ደረቀ አትላጡት፤ ቆዳዋን ይዞ ይነሳል። ለስላሳ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክራችሁ ያዙበት፣ ይራስ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት። በደንብ አድርቋትና ትንሽ ቫዝሊን ቀቧት፤ እርጥብ ሆና ከተመለሰች ብርዱ ይጨርሳታል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ከኩስ መውጫው ዝቅ ብሎ ሆዷ ላይ የምታዩት ትንሽ ጥቁር ቅርፊት ኩስ አይደለም፤ እንብርቷ ነው። እሱን ብትነቅሉት አንጀቷን ልትከፍቱት ትችላላችሁ። እንብርቱ የረጠበ፣ ያበጠና የሚሸት ከሆነ ግን ተመርዟል፤ ይህ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከመፈልፈያው ንጽሕና ጉድለት ነው፤ የሚተርፉትም ጥቂት ናቸው።

እግሯ ግራና ቀኝ ተከፍቶ መቆም ላቃታት ጫጩት ሁለቱን እግሮች በፕላስተር ወይም በሻሽ ላላ አድርጋችሁ፣ ልትቆም በምትችልበት ስፋት አያይዙላት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተጀመረ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። ጋዜጣ አታንጥፉ፤ ያንሸራትታል። የውሃ ዕቃውም ጥልቅ አይሁን፣ እንዳይሰምጡ ጠጠር ጨምሩበት።

ወደ መድኃኒት ልምጣ። በየሰፈሩ ለሰው የታዘዘ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ተከፍቶ የጫጩት ውሃ ውስጥ ይበተናል። ልማዱ ቢተው ደስ ይለኛል። ልኩ ለ40 ግራም ፍጡር አይታወቅም፤ ሕመሙ ከቫይረስ ከሆነ ምንም አይፈይድም፤ ያለ ቦታው የተሰጠ አንቲባዮቲክ ደግሞ ጀርሞቹን መድኃኒት እንዲለምዱ ያደርጋቸዋል። በሦስተኛው ሳምንትና ከዚያ በኋላ ኩሷ ደም የቀላቀለ ከሆነ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው በሽታ ሊሆን ይችላል። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የረጠበ ምንጣፍ ነው። ሳጋቱራውን ወይም ጭዱን በደረቅ ቀይሩ፣ ባለሙያ ጠይቃችሁ አምፕሮሊየም የሚባለውን መድኃኒት ስጡ። አምፕሮሊየም በምትሰጡባቸው ቀናት ቫይታሚን ቢ ያለበትን ድብልቅ አብራችሁ አትስጡ፤ የመድኃኒቱን ኃይል ያዳክመዋል። ነጭ ተቅማጥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከታየና ሞቱ ከበዛ ደግሞ ከእናቲቱ በእንቁላል የሚተላለፍ ፑሎረም የሚባል በሽታ ሊሆን ይችላል። ጫጩት ስትገዙ ወላጆቹ ተመርምረው እንደሆነ የምትጠይቁት ለዚህ ነው።

ፈንግልን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የታፈነ አተነፋፈስ፣ የተጠማዘዘ አንገት፤ ከዚያ ግቢው በጥቂት ቀናት ባዶ ይሆናል። እናቶቻችን ሎሚም፣ ፌጦም፣ ነጭ ሽንኩርትም፣ አረቄም ሞክረውለታል። ያላቸውን ሁሉ ሰጥተዋል፤ ፈንግል ግን የሚያድነው መድኃኒት የለውም። ያለው ክትባት ነው፤ እሱም ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በዓይን ጠብታ ይሰጣል፣ ሳምንታት ቆይቶ ደግሞ ይደገማል። ጉምቦሮ ለሚባለው በሽታም የራሱ ክትባት አለ። በመጠጥ ውሃ የሚሰጠውን ክትባት ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ አትበጥብጡት፤ ይሞታል። የታመመች ጫጩትንም አታስከትቡ፤ መጀመሪያ ትዳን።

የታመመችውን ከጤነኞቹ ለዩ፤ ሙቀቱ ግን አይለያት። ጤነኞቹን ቀድማችሁ፣ የታመመችውን ኋላ ተንከባከቡ፤ በመጨረሻም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ጤነኛ የምትመስል ጫጩትም ሳልሞኔላ የሚባለውን ጀርም ይዛ ልትገኝ ስለምትችል ሕፃናት እንዳይስሟት ተቆጣጠሩ። የሞተችውን ቅበሩ ወይም አቃጥሉ። የታመመ ዶሮ ቶሎ ብሎ ገበያ ማውጣት የራስን ኪሳራ ለጎረቤት ማሸከም ነው፤ ፈንግል ከመንደር መንደር የሚዘዋወረው እንዲህ ነው።

ሁሉንም በትክክል አድርጋችሁም አንዳንዷ ትሞታለች። ከእንቁላል ስትወጣ ጀምሮ ደካማ የሆነች አለች። አሙቃችኋት፣ አጠጥታችኋት፣ በማግስቱም ካልቆመች ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። አንዷ በሞተች ጊዜ የቀሩትን ሄዳችሁ እዩ፤ አተኛኘታቸውን፣ ኩሳቸውን፣ ውሃቸውን። ሁለትና ሦስት በአንድ ቀን ከሞቱ ግን ሳታድሩ የወረዳችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ።

አንድ ፍርድ ልስጥና ልሰናበት። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጀምሩ ከሆነና ቤታችሁ ውስጥ ሌሊት ተነስቶ ካርቶኑን የሚያይ ሰው ከሌለ፣ የአንድ ቀን ጫጩት አትግዙ። 45 ቀን የሞላቸውን፣ ላባ ያወጡትንና የተከተቡትን ግዙ። ዋጋቸው ይወደዳል፤ ከባዱን ጊዜ ግን አልፈውታል። የለም፣ ከአንድ ቀን ጀምሬ ነው የማሳድገው ካላችሁ ደግሞ እባካችሁ ጫጩቶቹ ከመምጣታቸው አንድ ቀን አስቀድማችሁ አምፖሉን አብሩ፤ ካርቶኑ ሞቆ ይጠብቃቸው።