ሁለት ወር የማትሞላ ዓሣ



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ዓሣ ነው። ስሟ ኢቪዮታ ሲጂላታ ይባላል። ቁመቷ ሁለት ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ አትበልጥም። የምትኖረው በሞቃት ባሕር ውስጥ፣ በኮራል ላይ ነው። ኮራል ሲያዩት ቋጥኝ ይመስላል፤ ነገር ግን እጅግ ብዙ ጥቃቅን እንስሳት ተባብረው የሠሩት ነው። በአውስትራሊያ አጠገብ ያለው ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል።

የዚህች ዓሣ ዕድሜ ስንት ይመስላችኋል? በጆሮዋ ውስጥ ደቃቅ ጠጠር አለች። ጠጠሯ በየቀኑ አንድ ቀለበት ትጨምራለች። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ቀለበቶቹን ቆጥረው ውጤቱን አሳወቁ። እናንተ ፊደል እንደምታነቡ፣ እነሱም ጠጠር አነበቡ ማለት ነው። ከሁሉ ያረጀችው 59 ቀን ብቻ ሆና ተገኘች። ብዙው ጤፍ ተዘርቶ እስኪታጨድ እንኳ አትቆይም!

ታዲያ በዚህች ዕድሜ ምን ትሠራለች? ሦስት ሳምንት ያህል ገና ጨቅላ ሆና በሰፊው ባሕር ትንሳፈፋለች። ከዚያ ኮራሉ ላይ ታርፍና በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ለመውለድ ትደርሳለች። በቀረው ጊዜ 400 ያህል እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉን የሚጠብቀው አባትየው ነው። ከመቶ ዓሦች ወደ 8 የሚሆኑት በየቀኑ ስለሚሞቱ ለመዘግየት ጊዜ የላቸውም። ብዙዎቹ የሌሎች ዓሦች ቀለብ ይሆናሉ።

እንግዲህ ምን ትረባለች እንዳትሉ። ጤፍ ከእህል ሁሉ ደቃቅ ናት፤ ቤት የሚያድረው ግን በእሷ ነው። በ2019 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በኮራል ላይ ከሚበላው የዓሣ ሥጋ 60 በመቶ ያህሉ የሚገኘው እንደ እሷ ካሉት ደቃቅ ዓሦች ነው። ትልቁ ዓሣ በትንሿ ይኖራል፤ ዓሣ አጥማጁ ደግሞ በትልቁ።

አሁን ግን ችግር አለ። ባሕሩ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ኮራሉ ይነጣል፤ ሙቀቱ ከቆየም ይሞታል። ከ2016 ወዲህ ይህ በአውስትራሊያው ኮራል ላይ ደጋግሞ ደርሷል። ኮራሉ ሲፈርስ የትንሿ ዓሣ መደበቂያ ይጠፋል። ጎተራው ከሥሩ ተበሳ ማለት ነው።

እኔም ይህን ሳላነብ በፊት ባሕር ሲባል የሚታየኝ ትልልቁ ዓሣ ብቻ ነበር። ስለዚህ አንድን ነገር ትንሽ ነው ብለን ከመናቃችን በፊት፣ በእሱ የሚኖረው ማነው ብለን እንጠይቅ።