የላባ ቀለም፣ ገበያውና የመራቢያው አውራ ዶሮ



በአገራችን የገጠር ዶሮ እርባታ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ የዶሮ ዋጋ በክብደት ብቻ አይወሰንም። የላባው ቀለምና በአናቱ ላይ ያለው ቀይ የሥጋ ዘውድ ቅርፅም ዋጋ አላቸው። በአብዛኛው ቀይና ነጭ ላባ ተፈላጊ ሲሆን፣ ጥቁሩ ዋጋው ዝቅ ይላል። ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ ከዚሁ ይነሣል። ገዥ ዶሮ የሚመርጠው ሊያርድ ነው፤ አርቢ ግን የሚመርጠው ለዘር ሊያስቀር ነው። ሁለቱም አንድን አውራ ዶሮ ፈልገው ሁልጊዜ ገዥው ካሸነፈ፣ የተወደደው ቀለም በመወደዱ ምክንያት ከመንደሩ እየሳሳ ይሄዳል።

ሕዝባችን የላባን መልክ በጥንቃቄ ሰይሟል። ገብስማ ስሙን ከገብስ፣ ዝግርማም ከዝግራ አግኝቷል። እነዚህ ስሞች መታወቂያም የገበያ ቋንቋም ናቸው። በካፊ ኖኖ የሚነገሩትን አቻዎቻቸውን ከነመልካቸው መመዝገብ ለዚህ አዳራሽ ተማሪዎች የሚገባ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ስም የሚነግረን የሚታየውን ነው፤ ወደ ጫጩት የሚተላለፈውን ለማወቅ የዘር ውርስን መመርመር ያስፈልጋል።

ለዚህ ዋያንዶት የተባለው የአሜሪካ ዝርያ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ስሙ የመጣው ከአንድ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ ነው። ብርማ ጥለት ያለው ዓይነቱ በአሜሪካ የዝርያ መመዘኛ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1883 ነው። የዚህ ዶሮ ላባ መካከሉ ነጭ፣ ጠርዙ ጥቁር ነው፤ ጥለት የተሠራለት ነጠላ ይመስላል። ይህ መልክ ከአንድ ዘረ መል አይገኝም። ጥቁሩን ቀለም የሚገድቡ፣ በላባው ላይ የሚያደራጁና የሚያጠነክሩ የተለያዩ ዘረ መሎች በአንድ ዶሮ ላይ መገናኘት አለባቸው። ስለዚህ ጥለቱን ያጸናው የአርቢዎች ትዕግሥት ነው። ማን ከማን እንደተዳቀለ እየጻፉ፣ መልካሙን እያስቀሩ ብዙ ትውልድ ሠርተዋል።

የላባው መደብ ብርማ ወይም ወርቃማ መሆኑን የሚወስነው ዘረ መል የሚገኘው በፆታ ክሮሞዞም ላይ ነው። ወንዱ ከዚህ ክሮሞዞም ሁለት ሲኖረው ሴቷ ያላት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱንም የምትወርሰው ከአባቷ ነው። ወርቃማ አውራ ከብርማ ሴት ጋር ሲዳቀል ወንዶቹ ጫጩቶች ብርማ፣ ሴቶቹ ወርቃማ የሚሆኑት ለዚህ ነው። በመንደር ደግሞ አንድ አውራ ብዙ ሴቶችን ያጠቃል፤ አውራውን የመረጠ ሰው የመጪውን ዓመት ቄቦች በከፊል መርጧል ማለት ነው።

ዓይን የሚሳሳትባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ነጭነት ነው። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጅማና በዓለማያ የግብርና ኮሌጆች በኩል ወደ አገራችን የገባው የነጭ ሌግሆርን ነጭነት ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ይታያል። የነጭ ዋያንዶት ነጭነት ግን ከሁለቱም ወላጆች ካልተወረሰ ተሰውሮ ይቀራል። ሁለት ነጭ ዶሮዎች ጎን ለጎን ቆመው በመልክ ባይለዩም ጫጩቶቻቸው ይለያያሉ።

ሁለተኛው የአናት ዘውድ ነው። ገበያው ከነጠላው ይልቅ ድርቡን ይወዳል። ድርብ በሚለው ስም ሥር ግን ሁለት የተለያዩ ቅርፆች ሊገቡ ይችላሉ፤ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ጽጌረዳ መሰልና አተር መሰል ይሏቸዋል። ዋያንዶት ጽጌረዳ መሰል ነው። ቤትሰንና ፓኔት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ዋያንዶትን አተር መሰል ዘውድ ካለው ብራህማ ጋር አዳቅለው፣ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ቅርፅ ማግኘታቸው ዛሬም በመማሪያ መጻሕፍት ይጠቀሳል። ጽጌረዳ መሰሉን ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰ አውራ የማስረገዝ ብቃቱ ዝቅ ሊል እንደሚችል ታውቋል፤ ዘረ መላዊ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት ተገልጧል። ለውበት ብቻ የተመረጠ አውራ እንግዲህ የማይፈለፈል እንቁላል ሊያበዛ ይችላል።

ወደ ገበያው ልመለስ። መስከረም የእንቁጣጣሽና የመስቀል ወር ነው፤ ትምህርት ቤት የሚከፈትበትም ወር ነው። ደብተርና ዩኒፎርም የምትገዛ እናት ፈጥኖ ያደገውንና ላባው ያማረውን አውራ ብትሸጥ ማንም ሊወቅሳት አይችልም። በቤት የሚቀረው ግን ገዥ ያላነሣው ነው፤ የሚቀጥሉት ጫጩቶች አባትም እርሱ ይሆናል። ችግሩ የእውቀት ማነስ አይደለም፤ መልካሙን አውራ ማቆየት ለአንድ ቤተሰብ ብቻውን የማይቻል ወጪ መሆኑ ነው።

ካፋ ለዚህ ችግር መልስ የሰጠ የራሱ ልምድ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአዲዮ ካካ ወረዳ በቦቃና በሹታ አርቢዎች ከቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከልና ከዓለም አቀፍ ተቋማት ጋር ሆነው የቦንጋን በግ በማኅበር ማሻሻል ጀመሩ። በዚያም ፈጥነው የሚያድጉት ወጠጤዎች ቀድመው መሸጣቸው ዋና ችግር ነበር። መፍትሔው የክብደት መዝገብን ከአርቢዎቹ ዓይን ጋር ማገናኘት ሆነ። አርቢዎቹ ቀለሙንና ላቱን ያያሉ፤ መዝገቡ እድገቱን ይናገራል፤ የተመረጠው አውራም በጋራ ያገለግላል።

ዶሮ በግ አይደለም፤ ዕድሜው አጭር ነው፣ በሽታና ጭልፊትም ይፈጁታል። መርሑን ግን ማዛመድ ይቻላል። በመጀመሪያ፣ ጎረቤታሞች ከበዓል ገበያ በፊት ጥቂት አውራዎችን መርጠው፣ ባለቤቱ የሚያጣውን ዋጋ በጋራ ቢሸፍኑለት ይበጃል። በሁለተኛ ደረጃ፣ አውራ ከገዛ ልጆቹ ጋር እንዳይዳቀል መንደር ለመንደር ይዘዋወር፤ ከመዘዋወሩ በፊት ግን ጤንነቱ ይረጋገጥ። በሦስተኛ ደረጃ፣ ከቀለሙ ጎን የእናቱ እንቁላል ብዛት፣ ታቅፋ የፈለፈለችውና ለማደግ የበቁት ጫጩቶች ቁጥር ይመዝገብ።

ጥቁሩንም ፈጽመን አናስወግድ። የጥቁር ላባ ዋናው ዘረ መል ከአንድ ወላጅ ቢወረስም የሚታይ በመሆኑ፣ ጥቁሮቹ ሁሉ ከተሸጡ በቀሪዎቹ ውስጥ ተሰውሮ አይቆይም። ከጥቁሯ ዶሮ ጋርም ገና ያልመዘንነው የመታቀፍ ትጋትና በሽታን የመቋቋም አቅም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

እናንተ ተመራቂዎች ነገ የልማት ባለሙያ ሆናችሁ ወደ አንድ ግቢ ስትገቡ፣ የባለቤቲቱን የቀለም ምርጫ እንደ ኋላ ቀርነት አትዩት። ያ ምርጫ የገበያ እውቀት ነው። ከእናንተ የሚጠበቀው የተመረጠው አውራ ለአንድ ክረምት እንኳ በዘር አባትነት እንዲቆይ ማገዝ ነው።