ያልታሰበ የሕክምና ዕዳና የየቲሙ ቤት

(ለደጋፊዎችና ለየቲም አሳዳጊ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



የተከበራችሁ የማኅበራችን ደጋፊዎች፣ የየቲም አሳዳጊ እናቶችና አባቶች፤ ዛሬ የምናገረው ታማሚው ድኖ ሊወጣ ሲል በገንዘብ ተቀባይ መስኮት ስለሚሰጠው የሒሳብ ወረቀት ነው።

በቆጋ መስኖ አካባቢ ሦስት የቲም የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት አሉ። በአንድ የጥቅምት ሌሊት የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ በወባ ትኩሳት ነደደች፤ ሰውነቷም ይንዘፈዘፍ ጀመር። ጎረቤት ተሯሩጦ መኪና ተከራየ። ባሕር ዳር ሲደርሱ መብራት ያዩበት የመጀመሪያው በር የአንድ የግል ሕክምና ተቋም ነበርና ገቡ። አልሐምዱሊላህ፣ ልጅቱ በአራተኛው ቀን ተነሣች። ሒሳቡ በተነገረ ጊዜ እኚህ እናት የጤና መድኅን ደብተራቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው ዘረጉ። «ከእናንተ ወረዳ ጋር ውል የለንም» የሚል መልስ ተሰጣቸው። የተጠየቁት ገንዘብ የዓመቱን የሽንኩርት ምርት የሚጨርስ ነበር። ተጠርቼ ስለሄድሁ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ደብተሩን መልሰው ሲቋጥሩ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

የባሰውን ያወቅነው በኋላ ነው። ደብተሩ ሲገለጥ የልጅቱ ስም አልሰፈረበትም። ምዝገባው የተከናወነው ልጆቹ ወደ እርሳቸው ቤት ከመምጣታቸው በፊት ነበርና። ስለዚህ ውል ወዳለው ሆስፒታል ቢደርሱም ኖሮ ችግሩ ይጠብቃቸው ነበር።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በአገራችን በ2003 ዓ.ም በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረ ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል የጣና ዳርቻዋ ፎገራና የሜጫ ጎረቤት የሆነችው ደቡብ አቸፈር ይገኙበታል። አባሉ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ ሲታመም መድኅኑ ውል በገባባቸው ተቋማት ይታከማል። መንገዱ የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ነው፤ ሆስፒታል ካስፈለገ የሪፈር ወረቀት ይጻፋል። በሙከራው ዘመን ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል የወጪውን ግማሽ ራሱ እንዲሸፍን ተደንግጎ ነበር። እንደ ሰው ሠራሽ ጥርስና የውጭ አገር ሕክምና ያሉትም ከሽፋኑ ውጭ ናቸው። ደብተር መያዝ ብቻውን ዋስትና የማይሆነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ አሳዳጊዎች ሆይ፣ ሦስት ነገር አደራ እላችኋለሁ።

አንደኛ፣ ዛሬውኑ ደብተራችሁን ገልጣችሁ የእያንዳንዱን የቲም ስም ፈልጉ። ከአባሉ ልጆች ውጭ የሆነ ልጅ ተጨማሪ መዋጮ ሊጠየቅበት ስለሚችል፣ በቀበሌያችሁ በኩል አስቀድማችሁ አስመዝግቡት። መክፈል ለማይችሉ ድሆች መንግሥት መዋጮውን የሚሸፍንበት አሠራርም ስላለ፣ በቀበሌው ምልመላ ጊዜ የቲሞቹ እንዳይረሱ ተናገሩ።

ሁለተኛ፣ ወረዳችሁ ከየትኞቹ ሆስፒታሎች ጋር ውል እንዳለው ጤነኛ ሳላችሁ ጠይቃችሁ እወቁ። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን የሚባሉ ትላልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች አሉ፤ በጨለማ የሚነዳ ሾፌር የትኛው በር እንደሚበጅ የሚያውቀው እናንተ ስትነግሩት ነው። ከሁሉም በላይ ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ልጁን ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ አድርሱት። ወባ በጊዜ ከተያዘ በቅርብ ይታከማል፤ ሲዘገይ ነው ነፍስንም ጥሪትንም የሚፈታተነው።

ሦስተኛ፣ ሒሳቡ ከመጣ አትደንግጡ፤ ወደ አራጣ አበዳሪም አትሩጡ። አራጣ በዲናችን ሐራም ከመሆኑም በላይ አንዱን ዕዳ ሁለት ያደርገዋል። በዝርዝር የተጻፈ ሒሳብ፣ ደረሰኝና የሐኪም ማስረጃ ጠይቁ። የመድኃኒት ማዘዣችሁንና ከውጭ የገዛችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ፤ የሚመለስ ገንዘብ ካለ የወረዳውን ጤና መድኅን ጽሕፈት ቤት ለመጠየቅ ይረዳችኋል። ከዚያም በየጊዜው የሚከፈል እንዲሆን ተነጋግራችሁ ስምምነቱን አጽፉ። እኛም እንዲሁ አደረግን። ዝርዝሩ ሲመጣ ለልጅቱ ያልተሰጠ አንድ መድኃኒት ተገኝቶ ተቀነሰ፤ ቀሪው በሦስት ጊዜ እንዲከፈል ተስማማን።

የተከበራችሁ ደጋፊዎች፤ ባለዕዳዎች በሱረቱ አት-ተውባ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መካከል መቆጠራቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የዚያች ቤት ዕዳም የተዘጋው ከእናንተ መካከል አንድ ሰው በዘካው ስለ ደረሰላት ነው፤ አላህ ይቀበለው። ነገር ግን ዕዳ ከመጣ በኋላ ከመክፈል አስቀድሞ መከላከል ይቀላል። የአንድ ቤተሰብ የዓመት መዋጮ ከአንድ ሌሊት የሕክምና ሒሳብ እጅግ ያንሳል። ለየቲሙ ልብስና ደብተር ስትገዙ የጤና መድኅኑንም እድሳት አብራችሁ አስቡ። ለድንገተኛ ሕመም መጓጓዣ የሚሆን ጥቂት ሶደቃም በማኅበሩ ዘንድ ይቀመጥ። የታመመ ልጅ ቤተሰብ የሒሳብ ወረቀት ይዞ በመስጊድ ደጅ እንዳይቆም ማድረግ ክብሩን መጠበቅ ነውና።

ባለፈው ጊዜ እኚያን እናት ላያቸው ሄጄ ነበር። ቡናው እስኪፈላ ደብተራቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው አሳዩኝ። የሦስቱም ልጆች ስም ሰፍሮበታል።

አላህ ልጆቻችንን በዐፊያ ያሳድግልን፤ የሰጣችሁትንም በመልካም ሥራ ሚዛናችሁ ላይ ያኑርላችሁ። አሚን።