ስለ እርማትና ስለ ኀላፊነት



በጥንታዊው የብራና ጽሕፈት፥ ጸሐፊው የዘለለው ቃል ብዙ ጊዜ በመስመሮቹ መካከል በደቃቅ ፊደል ይገባ ነበር፤ የሚሰረዘውም ከበላዩና ከበታቹ ጭረት ይደረግበት ነበር። ስለዚህ አንባቢው የፊተኛውን ቃልና እርማቱን አስተያይቶ ለመፍረድ ይችል ነበር።

ዛሬ መምህራን የፈተና ረቂቅ በኅብረት ሲያርሙ፥ ማይክሮሶፍት ወርድ ይህንኑ ሥራ በኮምፒዩተር ይሠራላቸዋል። ትራክ ቼንጅስ የተባለው መሣሪያ ሲከፈት፥ የተጨመረው ቃል በቀለም ይለያል፤ በተሰረዘው ላይ መስመር ይሰመርበታል፤ ያረመው ሰው ስምና ቀኑም ይመዘገባል። ቃሉን ሳይነካ ሐሳቡን ብቻ ለመግለጽ የሚፈልግ ደግሞ በኅዳጉ ኮሜንት ይጽፋል።

ነገር ግን ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እርማትን ከዓይን መሰወር እርማትን መፈጸም አይደለም። እያንዳንዱ እርማት ተቀባይነት ካላገኘ ወይም ካልተሻረ፥ ኮሜንቱም ካልጠፋ፥ ሁሉም በጽሑፉ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ፈተናው ወደ ሌላ ሲላክም የተሰረዘው ጥያቄና የባልደረቦች ክርክር አብሮ ይሄዳል።

ሁሉን ባንድ ጊዜ መቀበልም ስንፍና ነው። ሁለት መምህራን ለአንድ ጥያቄ ልዩ ልዩ መልስ ቢጽፉ፥ መሣሪያው ያሳያል እንጂ አይፈርድም፤ ፍርዱ ረቂቁን ለሚያስረክበው መምህር የተተወ ነው። እንግዲህ ወጣቱ መምህር የታላቁን ስሕተት ለማመልከት አይፍራ፤ ታላቁም እርማቱን እንደ ነቀፌታ አይቍጠረው። በረቂቁ ላይ የታየ ስሕተት ጸሐፊውን ለጥቂት ጊዜ ያሳፍረዋል፤ ሳይታይ ያለፈው ግን በተማሪው ላይ ይወድቃል።