የአሸዋው ሙቀትና የዔሊ ልጆች
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን ከሳይንስ ክበብ የቀረበ ንግግር)



ዶሮ ዕንቁላሏን ታቅፋ ሃያ አንድ ቀን ስትቀመጥ ያላየ ከመካከላችን የለም። የባሕር ዔሊ ግን አትታቀፍም። በሌሊት ወደ ዳር ወጥታ አሸዋውን ትቈፍራለች፤ መቶ ያህል ዕንቁላል ትጥላለች፤ ከደፈነችውም በኋላ ተመልሳ አታየውም። እንግዲህ የእናትን ሥራ የሚሠራው የአሸዋው ሙቀት ነው።

አሸዋው ሞቅ ያለ እንደ ሆነ ልጆቹ ቶሎ ይፈለፈላሉ፤ ነገር ግን አካላቸው አነስ ይላል። ቀዝቀዝ ያለ እንደ ሆነ ይዘገያሉ፤ ሲወጡ ግን ገዘፍ ብለው ነው። ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ ከጕድጓዱ እስከ ባሕሩ ድረስ ሸርጣንና አሞራ ይጠብቋቸዋልና።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስደነቀን ጾታቸውም በሙቀት መወሰኑ ነው። በሰውና በዶሮ ይህ ነገር ከመጀመሪያው በዘር የተቈረጠ ነው። በባሕር ዔሊ ግን የሚቈረጠው ዕንቁላሉ በአሸዋ ውስጥ ከሚቈይበት ጊዜ በመካከለኛው ሲሶ ነው። ሙቀቱ 29 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ወንድና ሴት ይመጣጠናሉ፤ ከዚያ በላይ ሴቶች፤ ከዚያ በታች ወንዶች ይበዛሉ። የሙቀትን እንዲህ ያለ ሥራ አስቀድመው የገለጹት ማድሌን ሻርኒዬ የተባሉ ፈረንሳዊት ሊቅ ሲሆኑ፤ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1966 ዳካር ላይ ያገኙትም በዔሊ ሳይሆን በእንሽላሊት ዕንቁላል ነው።

ታዲያ ምድር ስትሞቅ ምን ይሆናል? በ2018 በታተመ ጥናት፤ በአውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ዳርቻ ከሰሜኑ ሞቃት ደሴቶች የተገኙት ወጣት አረንጓዴ ዔሊዎች ከመቶ 99ኙ ሴቶች ነበሩ። ቀዝቀዝ ካለው ከደቡቡ በኩል የመጡት ግን ሴቶቹ ከመቶ 65 እስከ 69 ናቸው። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሴት ከበዛማ ዕንቁላል ይበዛል» ብለው ተከራክረውናል። አንድ ወንድ ለብዙ ሴቶች ስለሚበቃ ለጊዜው እውነት አላቸው። ነገር ግን ይህች ዔሊ ለመውለድ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅባታል፤ ስለዚህ የዛሬው የወንድ እጥረት ሙሉ በሙሉ የሚታየው እኛ ራሳችን ወላጆች በምንሆንበት ዘመን ነው። በአንዳንድ ዳርቻዎች ጕድጓዱን ጥላ ማልበስና ውሃ ማጠጣት ተሞክሯል። መልካም ሥራ ነው፤ ዳር ሁሉ ግን ጥላ አይለብስም።

ከተፈለፈሉ በኋላም ቢሆን ሙቀት አይለቃቸውም። ገላቸው እንደ እኛ የራሱን ሙቀት አይጠብቅምና፤ ውሃው ሲሞቅ በልተው ያድጋሉ፤ ሲቀዘቅዝ ምግቡ በሆዳቸው አይፈጭም። በአሜሪካ በኬፕ ኮድ ዳርቻ በኅዳርና በታኅሣሥ ውሃው ከ10 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ፤ ወጣት ዔሊዎች ደንዝዘው ማዕበል ወደ ዳር ይጥላቸዋል። የሚያነሷቸው ሰዎች ወደ እሳት አያቀርቧቸውም፤ ድንገተኛ ሙቀት ሊገድላቸው ስለሚችል በየቀኑ ጥቂት ዲግሪ ብቻ እየጨመሩ ቀስ በቀስ ያነቋቸዋል።